የአንጀት ፖሊፕ እንዴት ወደ ካንሰር ይለወጣል?

ፖሊፕ ከአንጀት የውስጥ ሽፋን ላይ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ ነው። አንዱ እንደ እንጉዳይ በቀጭን አንገት ይንጠለጠላል፣ ሌላው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይተኛል። አብዛኛው ሳያምም ይኖራል፤ ካንሰርም አይሆንም። ሆኖም የትልቁ አንጀት ካንሰር በአብዛኛው የሚነሣው ከፖሊፕ ነው።

ይበልጥ የሚያሠጋው አዴኖማ የተባለው ዓይነት ነው። የአንጀት ሽፋን ሕዋሳት በየጥቂት ቀኑ እየረገፉ በአዲስ ይተካሉ። መባዛታቸውን የሚገታው ኤፒሲ የተባለ ጂን ሲበላሽ ግን ልጓሙ ይፈታና ትንሽ አዴኖማ ይበቅላል። ኬራስ በተባለው ጂን ላይ የሚደርስ ለውጥ እድገቱን ያፋጥነዋል፤ የተበላሸ ሕዋስ ራሱን እንዲያጠፋ የሚያደርገው ፒ53 የተባለ ጂን ሲከሽፍ ደግሞ እጢው አደገኛ ይሆናል። ይህን ቅደም ተከተል ተመራማሪዎቹ ፊሮንና ቮግልስታይን እ.ኤ.አ. በ1990 በዝርዝር አቅርበውታል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ካንሰሩን ሳይፈጠር መቅደም የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወሳኙ ድንበር ከውስጠኛው ሽፋን ሥር ያለችው ስስ የጡንቻ ንጣፍ ናት። የተለወጡት ሕዋሳት ከእሷ በላይ እስካሉ ድረስ ፖሊፑን ማውጣት ይበቃል። ከተሻገሩ ግን የደምና የሊምፍ ሥሮችን ያገኛሉ፤ ወደ ጉበት የሚያደርሰው መንገድም ይከፈትላቸዋል።

ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ፖሊፕ ካንሰር የሚገኝበት እጅግ አልፎ አልፎ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ወይም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጣት መሰል ቅርጽ ሲኖረው ሥጋቱ ይጨምራል። በቀኝ በኩል ባለው የትልቁ አንጀት ክፍል የሚገኙት ጠፍጣፋና መጋዝ መሰል ፖሊፖች በንፍጥ ተሸፍነው ስለሚደበቁ በቀላሉ ይታለፋሉ። ከኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የትልቁ አንጀት ውስጥ ከሚታይበት ምርመራ፣ በፊት አንጀቱ በደንብ ካልታጠበማ ጥሩ ሐኪምም አያያቸውም።

ከ10 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው ፖሊፕ በዙሪያው ካለ ጥቂት ጤነኛ ሽፋን ጋር በሽቦ ቀለበት ታንቆ፣ ያለ ኤሌክትሪክ ይቆረጣል። ሰፊና ጠፍጣፋ ሲሆን ከሥሩ ፈሳሽ ይወጋና እንደ ትራስ ወደ ላይ ይነሣል። ቀደም ሲል ናሙና በመወሰዱ ጠባሳ ሳይኖረው አልነሣም ካለ፣ ካንሰሩ ወደ ጥልቁ ሥር ሰድዶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን በግድ መቁረጥ አንጀትን መብሳት ሊያስከትል ይችላል። የወጣው ሁሉ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ለፓቶሎጂ ምርመራ ይላካል።

ሊንች በተባለው፣ ከወላጅ በሚወረስ ችግር ከፖሊፕ ወደ ካንሰር የሚደረገው ለውጥ በጥቂት ዓመታት ሊጠናቀቅ ስለሚችል፣ ይህ ችግር ያለባቸው ሰዎች በየ1 ወይም 2 ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ እንዲያደርጉ ይመከራል።