መዳመጫ ምንድን ነው? ለቤትስ የትኛው ይሻላል?

ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ኮምቦልቻ ያለችው የአክስቴ ልጅ ቴሌግራም ላይ የቤት ዕቃ ለሚሸጥ አንድ ልጅ «ማዳመጫ አለህ?» ብላ ጻፈችለት። ልጁም የጆሮ ማዳመጫ በዓይነት በዓይነቱ ደረደረላት፤ ገመድ ያለው፣ ገመድ የሌለው፣ ጥቁሩ፣ ነጩ። እሷ የፈለገችው የሳምቡሳ ሊጥ የምታሳሳበት እንጨት ነበር። ስቀን ስቀን ስናበቃ «እሺ፣ የትኛውን ልግዛ ታዲያ?» አለችኝ።

የቃሉ ልዩነት የአንዲት ፊደል ነው። «ማዳመጫ» የጆሮ ነው። «መዳመጫ» ግን «ዳመጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ አንድን ነገር እየተጫኑና እያንከባለሉ መጨፍለቅ ማለት ነው። እኔ ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁት ከሊጥ ጋር ሳይሆን ከጥጥ ጋር ነው። አያቴ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፊቷ ታስቀምጥና ፍሬ ያለውን ጥጥ እላዩ ላይ አድርጋ በብረት ዘንግ ትዳምጠው ነበር። ዘንጉ ሲንከባለል ፍሬው ተፈልቅቆ ይወጣል፣ ጥጡ ለብቻው ይቀራል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል። መንገድ የሚጠቀጥቀውን ያንን ከባድ መኪናም ሕዝቡ «ዳምጠው» ያለው በዚሁ ግሥ ነው። የሊጡም መዳመጫ የእነዚህ ታናሽ ወንድም ነው፤ ክብደቱንና የእጅን ግፊት ሊጡ ላይ እኩል እያከፋፈለ የሚንከባለል ዘንግ።

አያቴ ግን ለሊጥ መዳመጫ አልነበራትም፤ አያስፈልጋትምም ነበር። እንጀራ ይፈስሳል እንጂ አይዳመጥም። ድፎ ዳቦ ኮባ ላይ በእጅ ይደለደላል። ቂጣም በመዳፍ ይጠፈጠፋል። መዳመጫ የግድ የሚሆነው ሊጡ ከጣት አቅም በላይ እንዲሳሳ፣ ወይም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት እንዲኖረው ሲፈለግ ነው። ሳምቡሳ እንዲህ ነው፤ ብስኩትም፣ ቀረፋ የተጠቀለለበት ዳቦም እንዲሁ። እናቴ ይህን ሁሉ የምትሠራው በባዶ ጠርሙስ ነበር። ጠርሙስን አልንቅም። ለስላሳ ነው፣ ሊጥ ብዙ አይዘውም፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው ሲከድኑት ክብደትም ቅዝቃዜም ያገኛል። ችግሩ ቀጥ ያለው አካሉ አጭር መሆኑና አንገቱ ላይ ለእጅ አለመመቸቱ ነው። ከንፈሩ የተሸረፈ ወይም ስንጥቅ ያለበት ጠርሙስ ግን ሊጥ አጠገብ አይድረስ።

ገበያ ሲወጡ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ግራና ቀኝ እጀታ ያለው ነው። ደሴ ፒያሳ የዕቃ ሱቆች ውስጥ «መዳመጫ» ሲሉ የሚያወርዱልዎትም ብዙ ጊዜ እሱን ነው። መሐሉ የሚሽከረከር ግንድ ነው፤ በውስጡ የብረት ዘንግ ያልፋል፤ እጀታዎቹ ከዘንጉ ጋር ቆመው ግንዱ ብቻ ይዞራል። ውድ የሆኑት ኩሽኔታ አላቸው፤ ያለ ድምፅ ይሽከረከራሉ። ትልቅና ጠንካራ ሊጥ ለሚደፈጥጥ ሰው ይህ ጥሩ ነው፤ የሰውነትን ክብደት በእጀታው በኩል መጫን ይቻላልና። መዳፉን ዘርግቶ መሥራት ለሚያመው ሰውም ይቀለዋል። እኔ ግን አልወደውም። እጄና ሊጡ መካከል እጀታ፣ ዘንግና ክፍተት ስለሚገቡ ሊጡ የት ጋ እንደወፈረ አይነግረኝም። በዚያ ላይ የገዛሁት ርካሽ ነበር፤ ግንዱና እጀታው በሚገናኙበት ቀዳዳ ዱቄትና ውሃ እየገባ ከጊዜ በኋላ ጥቁር ነገር ይወጣው ጀመር፤ ማጠብ ደግሞ ባሰበት። ርካሽና እጀታ ያለው ከሚገዛ፣ ርካሽና እጀታ የሌለው ይሻላል፤ የሚበላሽ ክፍል የለውማ።

እጀታ የሌለው ቀጥ ያለው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ውፍረት ያለው ዱላ ነው። መዳፍዎን ዘርግተው እላዩ ላይ ያንከባልሉታል፤ እብጠቱንም ጉድጓዱንም እጅዎ ወዲያው ያውቀዋል። ዳር እስከ ዳር እኩል ስለሆነ ለሳምቡሳና ለብስኩት ከሱ የሚበልጥ አላየሁም። ለቤት ጥሩ የሚባለው ርዝመቱ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነው። ክብደቱም እንደ እንጨቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመጣል።

የፈረንሳይ ጋጋሪዎች የሚወዱት ደግሞ መሐሉ ወፍሮ ወደ ጫፎቹ የሚሾጥጥ ነው፤ ቅርጹ ከእንዝርት ዘንግ ብዙም አይርቅም። አንዱን ጫፍ ጫን፣ ሌላውን ለቀቅ ሲያደርጉት ይዞራል፤ ስለዚህ ሊጥን ክብ አድርጎ ለማውጣት ይመቻል። ሕንዶች ቻፓቲ የሚሉትን ስስ ቂጣ የሚዳምጡበት ቤላንም በአብዛኛው የዚሁ ዘመድ ነው፤ አጠር ቀጠን ብሎ፣ ከክብ ሰሌዳ ጋር ይሠራል። ግን ለጀማሪ ያስቸግራል፤ መሐሉን አስስቶ ዳሩን ማወፈር ይወዳልና። ቱርኮች ኦክላቫ የሚሉት እንደ አውራ ጣት የቀጠነ ረጅም ዘንግ ሌላ ዓለም ነው። ሊጡን ራሱ ዘንጉ ላይ እየጠቀለሉና እየፈቱ ብርሃን እስኪያሳልፍ ያሳሱታል። ዘንግ ሲቀጥን ሊጡን የሚነካበት ቦታ ስለሚጠብ፣ በትንሽ ጉልበት ብዙ ይጫናል። ሳምቡሳን በብዛት ለሚሠራ ቤት ሁለተኛ መዳመጫ ሆኖ ቢኖር አይጠላም።

መዳመጫ ወደሚሠራበት ነገር ስንመጣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እብነ በረድ ላይ ነው። «ይቀዘቅዛል» ይባላል፤ እውነትም ሲነኩት ይቀዘቅዛል። ነገር ግን አንድ ክፍል ውስጥ ያደሩ እንጨትና እብነ በረድ ሙቀታቸው እኩል ነው። እብነ በረዱ የሚቀዘቅዝ የሚመስለው የእጃችንን ሙቀት ቶሎ ስለሚወስድ ነው። በእርግጥ እንዲያቀዘቅዝ ከተፈለገ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቆየት አለበት። ይህ የሚጠቅመው የገበታ ቅቤ የበዛበት ሊጥ ለሚሠራ ሰው ነው፤ ቅቤው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ከዚያ በፊትም ልፍስፍስ ይልና ሊጡን ያጣብቀዋል። እዚህ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ ይለያያሉ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር አካባቢ ናት፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ወደ 1850 ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ሙቀቱ በየ1000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚለዋወጥ፣ በሁለቱ መካከል 4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። እኔ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ጠዋት ጠዋት ቅቤውን በእጄ አሙቄ ነው የማቦካው፤ እሷ እኩለ ቀን ላይ ያው ሊጥ ይፈስባታል። ከኮምቦልቻም ዝቅ ያለችው ባቲ ቢሆን ደግሞ ይብስ ነበር። ሆኖም ለእሷም እብነ በረድ አልመከርኳትም። ክብደቱ 2 ኪሎ ገደማ ነው፣ ከወደቀ ይሰበራል፣ ወይ ጣት ይሰብራል። ሊጡን ራሱን ለግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ያንኑ ሥራ ይሠራል። የስቴንለስ ብረቱም ቅዝቃዜው እንደ እብነ በረዱ ነው፤ ለማጠብ ግን ከሁሉም ይቀላል፣ ሽታም አይይዝም። ሲሊኮን የለበሰው አይጣበቅም፤ ቢላ ከነካው ግን አለቀለት። አንዳንድ ቤት የውሃ ቱቦ ቆርጠው ሲጠቀሙ አይቻለሁ። ቱቦ ለምግብ ታስቦ የተሠራ አይደለም፤ ይቅርብን።

እንጨትን የሚያስመርጠው አንድ ነገር ዱቄት መያዙ ነው። ላዩ ላይ የቀረችው ስስ ዱቄት ሊጡ እንዳይጣበቅ ታደርጋለች። የውጭዎቹ ብዙ ጊዜ ከሜፕል ወይም ከቢች ይሠራሉ። እኛ ዘንድ ወይራ ጠንካራና ከባድ ነው፤ ቀጥ ያለና በደንብ የደረቀ ከተገኘ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ዋንዛ ቀለል ይላል፣ ለቶርኖም (እንጨት እያሽከረከረ ለሚቀርጸው ማሽን) አያስቸግርም፣ ግን ቶሎ ይሰረጎዳል። ጥድ ሽታው ለቤት ዕቃ ያምራል፤ ብስኩት ውስጥ ግን አልፈልገውም። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ መጣመምና መሰንጠቅ ይወዳል። ከየትኛውም ይሁን፣ ቀለም ወይም ቨርኒሽ የተቀባውን ይለፉት፤ ተላጦ ሊጥ ውስጥ ይገባል።

ሱቅ ውስጥ ሲገዙ አያፍሩ፣ መስታወት ወይም ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አድርገው ያንከባልሉት። ጎንበስ ብለው ከሥሩ ብርሃን ይመልከቱ። ሲዞር ብርሃኑ በአንድ በኩል እየሰፋ ከጠበበ ዘንጉ ጠማማ ነው፤ ጠማማ መዳመጫ ሊጡን እኩል አያሳሳውም። በመዳፍዎም ይዳስሱት፤ የሚቧጭር ካለ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያስተካክለዋል።

ሳምቡሳው እንዴት እንደሚዳመጥም ልንገራችሁ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመዳመጫው አይደለምና። ሊጡ ታሽቶ ሲያበቃ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ሲዳምጡት እንደ ላስቲክ እየተሰበሰበ ከተመለሰ ግሉተኑ (ሊጡን የሚያያይዘው የስንዴ ፕሮቲን) ገና ዘና አላለም፤ ጉልበት አይጨምሩበት፣ ሌላ 10 ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ እኩል እኩል እያድቦለቦሉ እያንዳንዱን መዳፍ ያህል ያስፉት። አንዱን ዘይት ቀብተው ዱቄት ነስንሰው ሌላውን ይደርቡበት፤ እስከ አራት ድረስ መደራረብ ይቻላል። የተደራረበውን ከመሐል ወደ ውጭ እየገፉ፣ በየጊዜው ሩብ ዙር እያዞሩ ያሳሱ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ግፊቱን ቀነስ ያድርጉ፤ አለዚያ ዳሩ ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል። ለዘብ ባለ ምጣድ ላይ ወዲያና ወዲህ ለጥቂት ሰኮንድ ያሳዩትና ትኩሱን ይላቅቁት። እያንዳንዱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ለብስኩት ደግሞ ውፍረቱ እኩል እንዲሆን ሊጡን ግራና ቀኝ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው ሁለት ጣውላዎች መሐል አድርጎ መዳመጥ ነው። ቀለበት እያስገቡ ውፍረት የሚለኩ መዳመጫዎች አሉ፤ ጣውላዎቹ ግን ያንኑ በነፃ ይሠራሉ።

የእንጨት መዳመጫ ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍም። የደረቀውን ሊጥ በቢላ ጀርባ ይፋቁት፣ እርጥብ ጨርቅ ያሳልፉበት፣ ወዲያው ያድርቁት። ፀሐይ ላይ አያስጡት፣ ይሰነጠቃል። የምግብ ዘይት ቀብተው ቢያኖሩት ከጊዜ በኋላ ይከረፋል። የተልባ ዘይት ግን አየር ሲያገኝ ስለሚደርቅ በስሱ ተቀብቶ ጥቂት ቀን ቢቆይ ይጠቅመዋል።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ከሱቅ አልገዛችም። ቶርኖ ያለው እንጨት ቤት ሄዳ የወይራ ዱላ አስጠረበች፤ እኔም በስልክ «አብሽሪ፣ 50 ሴንቲ በይው» ብያት ነበር። ጠረጴዛዋ ግድግዳ የተጠጋ መሆኑን ረስቼ። መጀመሪያ ቀን ጫፉ ግድግዳውን እየመታ ልስኑን አራገፈው። በማግስቱ ይዛው ተመልሳ 8 ሴንቲ አስቆረጠችው፤ ቁራጯም አልተጣለችም፣ አሁን ነጭ ሽንኩርት ትወቅጥባታለች።