ሙዚክ ኮንክሬት ምንድን ነው? የሃሊም ኤል-ዳብህ ሽቦና የካይሮ ዛር

ካሴት እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ሙዚቃ ስሙን ሳያውቅ ያውቀዋል። የቴፑ ድንጋይ ሲያልቅ የዘፋኙ ድምፅ ይወፍራል፣ ይጎተታል። የሴቷ ድምፅ የወንድ ይሆናል። ክሩ ሲጠላለፍ አውጥተን በእርሳስ እናጠነጥነው ነበር። ሲበጠስ ደግሞ በፕላስተር እንቀጥለዋለን፤ ከዚያ በኋላ ዘፈኑ እዚያች ቦታ ሲደርስ ዘሎ ያልፋል። ለእኛ ይህ ሁሉ ብልሽት ነበር። አሁን አንድ ሰው ያንን ብልሽት ሆን ብሎ ቢፈልገውስ? ክሩን እየቆረጠ ቢቀጥል፣ ፍጥነቱን ቢለዋውጥ፣ ወደ ኋላ ቢያጫውተው፣ የወጣውንም ድምፅ «ሙዚቃዬ ይህ ነው» ብሎ ሰው ፊት ቢያቀርበው? ሙዚክ ኮንክሬት ማለት እሱ ነው።

ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው። «ኮንክሬት» ሲባል የቤት ግንባታ አርማታ እንዳይመስላችሁ። ተጨባጭ ማለት ነው፣ በእጅ የሚያዝ። የተለመደው የሙዚቃ ደራሲ ዜማውን በሐሳቡ ይዞ ይነሳል። በኖታ ይጽፈዋል። ተጫዋቾች ያነቡታል። ድምፁ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። መጀመሪያ ድምፁ አለ፤ የባቡር ጩኸት፣ የሰው ሳል፣ የበር ሲጢጥታ፣ ምንም ሊሆን ይችላል። እሱ ይቀረጻል። ከዚያ የተቀረጸው ድምፅ እንደ ሸክላ ሠሪ ጭቃ ይታሻል፣ ይቆረጣል፣ ይደራረባል። ኖታ የለም። መድረክ ላይ የሚወጣ ተጫዋችም የለም። ሥራው ሲያልቅ ሙዚቃው ያው ቅጂው ነው።

ስሙን ያወጣለት ፒየር ሼፈር የተባለ የፈረንሳይ ሬዲዮ መሐንዲስ ነው። በ1948 ፓሪስ ባቡር ጣቢያ ሄዶ የባቡሮችን ድምፅ ቀረጸ። ቅጂዎቹን በሸክላ ላይ እያደባለቀ አጫጭር ሥራዎች ሠራ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይም በሬዲዮ አሰማቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) የሙዚቃ ታሪክ መጻሕፍት አብዛኞቹ ከዚህ ይጀምራሉ። እኔ ግን ከካይሮ ነው የምጀምረው። ከሼፈር አራት ዓመት ቀድሞ፣ በ1944፣ አንድ የ23 ዓመት ግብፃዊ ወጣት ይህንኑ ነገር በራሱ መንገድ ሠርቶት ነበር። ስሙ ሃሊም ኤል-ዳብህ ነው። ኋላ የአሜሪካ ዜጋ ሆነ፤ ዛሬም ስሙ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ የሙዚቃ ደራሲዎች ጋር ይነሳል። ለእኛም ቅርብ ሰው ነው። ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ስሰማ መጀመሪያ ማመን አቅቶኝ ነበር።

ሃሊም የተወለደው በ1921 ካይሮ ውስጥ፣ ከኮፕት ክርስቲያን ቤተሰብ ነው። ከዘጠኝ ልጆች የመጨረሻው ነበር። የ11 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1932፣ ወንድሙ ካይሮ ላይ ወደተካሄደው ትልቁ የአረብ ሙዚቃ ጉባኤ ወሰደው። እነ ባርቶክና ሂንደሚትን የመሳሰሉ ታላላቅ የአውሮፓ ደራሲዎች እዚያ ተገኝተው ነበር። ልጁ ፒያኖም ከበሮም ይጫወታል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያጠናው ግን የግብርና ምሕንድስና ነው። ሙያውም ገጠር ለገጠር አዞረው፣ የገበሬውንም ዘፈን በየመንደሩ አሰማው።

በዚያን ጊዜ የቴፕ ክር ካይሮ አልደረሰም። የነበረው የሽቦ መቅረጫ ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ የብረት ሽቦ ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው ይሮጣል፤ ድምፁ ማግኔት ሆኖ ሽቦው ላይ ይቀመጣል። ሽቦው ቢበጠስ በፕላስተር አይቀጠልም። እንደ ክር ይቋጠራል። ሃሊም ይህን ከባድ መሣሪያ ከሬዲዮ ጣቢያ ተውሶ ይዞት የወጣው ወደ ዛር ቤት ነው።

ዛር ያልኩት ያው እኛ የምናውቀው ዛር ነው። ካይሮም ቃሉ ዛር ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ሥርዓቱ ከኢትዮጵያ ተነስቶ በሱዳን በኩል ግብፅ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው ይላሉ፤ ይዘውት ከሄዱት መካከልም በባርነት የተወሰዱ ሴቶች ይገኙበታል። ጎንደር ላይ ዛር የያዛት ሴት «የዛሩ ፈረስ» ትባላለች። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ከበሮው ይመታል፣ ዛሩ በስሙ ይጠራል፣ እሷም ታጓራለች። የካይሮውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሴቶች ይሰበሰባሉ፣ ከበሮ ይመታል፣ መንፈሱ በዘፈን ይለመናል። ወንድ ስለማይገባ ሃሊምና ጓደኛው ተሸፋፍነው እንደገቡ ኋላ ተናግሯል። እውነቱን ለመናገር ይህ ነገር ቅር ይለኛል። ሴቶቹ ለራሳቸው ብለው የዘጉት ቤት ነበር። ዛሬ ቢሆን መቅረጹን ሳያስፈቅዱ ማድረግ ነውር ነው። የዚያን ቀን ድምፅ ያቆየልን ግን ይኸው ሽቦ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሃሊም የተቀረጸውን እንዳለ ቢያሰማ ኖሮ ጥሩ የባህል ቅጂ ይሆን ነበር፣ በቃ። እሱ ግን ሽቦውን ይዞ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ተመለሰ። እዚያ የገደል ማሚቶ የሚፈጥር ክፍል ነበር። ግድግዳው የሚንቀሳቀስ ሌላ ክፍልም ነበር፤ ግድግዳውን ሲያስጠጉት ድምፁ ይደርቃል፣ ሲያርቁት ይረዝማል፣ ያስተጋባል። ሃሊም የሴቶቹን ድምፅ እነዚህ ክፍሎች ውስጥ እያጫወተ እንደገና ቀረጸው። የቀረጸውን ደግሞ እንደገና አጫወተ። ከዚያም ከድምፁ ላይ ዋናውን እያነሳ መጣል ጀመረ።

«ዋናውን ማንሳት» ምን ማለት ነው? በገናን አስቡ። አንዱን ክር ስትመቱት አንድ ወፍራም ድምፅ ትሰማላችሁ። ጆሮ ከሰጣችሁት ግን ከላዩ ላይ ቀጫጭን ድምፆች አሉ፣ እንደ ንብ የሚያነዝሩ። ክሩ ሥር የምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ እነዚያን ቀጫጭን ድምፆች ታጎላቸዋለች፤ ለዚህ ነው በገና እንደዚያ የሚነዝረው። ማንኛውም ድምፅ እንዲህ ነው። ከታች መሠረት አለው፣ ከላይ ብዙ ረቂቅ ድምፆች ተሸክሟል። የእናታችንን ድምፅ ከጎረቤት ድምፅ የምንለየው በእነሱ ነው። ሃሊም መሠረቱን አጠፋና የላይኞቹን ብቻ አስቀረ። እርስ በርስ ሲጋጩ የሚፈጥሩት መንቀጥቀጥ ብቻውን ቀረ። ቃላቱ ጠፉ። ማን እንደዘፈነ፣ ምን እንደተባለ አይታወቅም። የሚፈልገውን ነገር የውስጥ ድምፅ ይለው ነበር፤ በሥርዓቱ ሆታ ውስጥ ተሸፍኖ የነበረውን።

ሥራውን «የዛር አገላለጽ» የሚል ትርጉም ያለው የአረብኛ ስም ሰጥቶ በዚያው በ1944 በካይሮ ወወክማ አሰማው። ርዝመቱ ከ20 ደቂቃ በላይ ነበር። ዛሬ በቀላሉ የሚገኘው ግን «የሽቦ መቅረጫ ሥራ» በሚል ስም የታተመ የሁለት ደቂቃ ያህል ቁራጭ ነው።

ታዲያ ቀዳሚው ማነው? እኔ እንደሚመስለኝ ጥያቄው ሁለት ነው። ቀድሞ የሠራው፣ እስከምናውቀው ድረስ፣ ሃሊም ነው። ሼፈር ደግሞ ስም ሰጠው፣ ጽንሰ ሐሳቡን ጻፈ፣ ስቱዲዮ አቋቋመ፣ ተከታዮች አፈራ። አንዱ ከሌላው አልቀዳም። ግን ለአሥርት ዓመታት ሲነገር የኖረው የፓሪሱ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሃሊምን ወደ አሜሪካ የወሰደው ሽቦው ሳይሆን ፒያኖ ነው። በ1949 የፍልስጤሙ ጦርነት ያነሳሳውን «ግንባሩ ጨለማና እርጥብ ነው» የተባለ የፒያኖ ሥራ ካይሮ ላይ ተጫወተ። ሥራው ስሙን አስጠራው። በ1950 ፉልብራይት በተባለው የአሜሪካ መንግሥት የትምህርት ዕድል ሄደ። በኒው ሜክሲኮ፣ በቦስተን፣ በብራንዳይስ ተማረ፤ ታንግልውድ በተባለው የሙዚቃ ማሠልጠኛ ደግሞ ከታዋቂው አሜሪካዊ ደራሲ ከአሮን ኮፕላንድ ጋር ሠርቷል። በ1958 ለታላቋ የዳንስ ባለሙያ ለማርታ ግራሃም «ክላይተምኔስትራ» የተባለውን ሙሉ ምሽት የሚፈጅ ሥራ ሙዚቃ ጻፈ። እሱም የኦርኬስትራና የድምፃውያን ሥራ ነው።

ወደ ድምፅ ቅጂ የተመለሰው በ1959 ኒው ዮርክ ላይ ነው፣ በኮሎምቢያና በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል። እዚያ ክፍል የሚሞላ ትልቅ ሲንተሳይዘር፣ ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ፣ ነበር፤ በተበሳ ወረቀት ነው የሚታዘዘው። ብዙዎቹ የማዕከሉ ደራሲዎች ድምፁን ከዜሮ ተነስተው በስሌት መፍጠር ይወዱ ነበር። ሃሊምን የሚስበው ግን የሰው ጉሮሮ፣ ዋሽንቱና ከበሮው ነው። «ሌይላና ባለቅኔው» የተባለውን ሥራውን እንዲህ ሠራው፤ ታሪኩ ከጥንቱ የሌይላና መጅኑን ፍቅር የተወሰደ ነው። ድምፆቹን ቀረጸ፣ ፍጥነታቸውን ለወጠ። የቴፑን ፍጥነት እጥፍ ስታደርጉት ድምፁ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ያው ኖታ ቀጥኖ እስከሚደገምበት ድረስ፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጊዜውም በግማሽ ያጥራል። ቁራጭ ክር ቆርጣችሁ ጫፉን ከጫፉ ብትገጥሙት ደግሞ ያቺ ድምፅ እስኪበቃችሁ ድረስ ትዞራለች። ይህ ሉፕ የሚባለው ነው። ሥራው በ1964 በማዕከሉ ስም በወጣው ሸክላ ላይ ታተመ። ዛሬም አዲስ ነው።

ከዚያ በፊት ግን፣ ከ1962 እስከ 1964፣ አዲስ አበባ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963 ደግሞ የአገር ባህል መሣሪያዎችን አንድ ላይ የሚያጫውተውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። የዛርን ድምፅ ይዞ የጀመረ ሰው፣ ብዙዎች የዛር መነሻ ናት በሚሏት አገር!

የኦርኬስትራው ነገር ዛሬ ቀላል ይመስላል። ያን ጊዜ ግን እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ቦታ ነበረው። ማሲንቆ የአዝማሪ ነው። ዋሽንት የእረኛ ነው። በገና በጾም ወቅት ቤት ውስጥ ይደረደራል፣ ጸሎት ነው። እምቢልታና መለከት የቤተ መንግሥት ናቸው። ከየአካባቢው የመጡ ተጫዋቾችን አንድ መድረክ ላይ አስቀምጦ አብረው እንዲጫወቱ ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል። እዚህ ቴፕ የለም፣ ሽቦም የለም። እኔ ግን ያው የካይሮው ጆሮ ይታየኛል። ድምፁን ከለመደው ቦታ ነቅሎ ከሌላ ድምፅ ጎን ማኖርና ምን እንደሚወልድ መስማት። ኪሳራ የለውም አልልም። ከጸሎት የተለየ በገና የሚቀርበት ነገር አለ። ቢሆንም ኦርኬስትራው መሥራቹ ከሄደ በኋላም ኖረ። ተስፋዬ ለማ ለዓመታት መራው፤ በ1969 አሜሪካ ዞረው ተጫወቱ። ቅጂዎቻቸው ኢትዮፒክስ በተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም ቁጥር 23 ላይ ይገኛሉ።

ሃሊም ኋላ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ከ1969 ጀምሮ ደግሞ ኦሃዮ ውስጥ ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዓመቱ፣ ሜይ 4 ቀን 1970፣ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች በዚሁ ግቢ ተኩሰው 4 ተማሪዎች ገደሉ፣ 9 አቆሰሉ። እሱም በ1971 «ኦፔራ ፍላይስ» የተባለ ኦፔራ ሠራበት። በ2017 በ96 ዓመቱ እዚያው ኬንት ከተማ አረፈ። በጊዛ ፒራሚዶች የምሽት የብርሃንና የድምፅ ትርኢት ላይ የሚሰማው ሙዚቃም የእሱ ነው፤ ብዙው ቱሪስት የደራሲውን ስም ሳይጠይቅ ይመለሳል።

ዛሬ የዘፈን አቀናባሪዎች ከአሮጌ ሸክላ ቁራጭ ወስደው «ሳምፕል» የሚሉት፣ ወጣቶች በስልካቸው ድምፅ እየቆረጡ የሚለጥፉት ነገር ሁሉ የሙዚክ ኮንክሬት ዘመድ ነው። የ1944ቱን ቁራጭ ለመስማት ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይኑራችሁ፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ይገድለዋል። ቃል አትፈልጉበት፣ አታገኙም። መጀመሪያ ነፋስ ይመስላል። ትንሽ ስትቆዩ ነፋሱ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይተነፍሳል። ያ ትንፋሽ የሰው ነው። ከሰማንያ ዓመት በፊት ካይሮ ውስጥ፣ በተዘጋ ቤት፣ ዛራቸውን በስሙ የሚጠሩ ሴቶች ትንፋሽ ነው።