ስፖርታዊ አደን በኢትዮጵያ፦ የሳፋሪ ድርጅት ሲመረጥ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የደጋ አጋዘን፣ ብዙዎች ኒያላ የሚሉት፣ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካለው የባሌ፣ የአርሲና የምዕራብ ሐረርጌ ደጋ በስተቀር በዓለም የትም አይገኝም። እሱን ማደን የሚሻ ሰው ከየትም ይነሳ መድረሻው ኢትዮጵያ ነው፤ ተቀብሎ የሚያስተናግደውም የሳፋሪ ድርጅት ነው። ወጪው በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል፤ ሕጉም የአንድ አገር ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት አባባሎች ከአሜሪካና ከአውሮፓ ከሚመጡ አዳኞች፣ አዲስ አበባ ሆነው ድርጅት ከሚያፈላልጉላቸው ዘመዶች፣ አንዳንዴም ከድርጅቶቹ ከራሳቸው የሚሰሙ ናቸው።

«ድርጅቱ ፈቃድ አለው፤ ሌላው የእሱ ጉዳይ ነው»

ፈቃድ ሲባል አንድ ወረቀት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ተለይተው መታየት ያለባቸው ግን ቢያንስ አምስት ነገሮች ናቸው፦ የድርጅቱ የሥራ ፈቃድ፣ በአንድ የአደን ቀበሌ (ለአደን የተከለለ ቦታ እንጂ የአስተዳደር ቀበሌ አይደለም) ለመሥራት የያዘው ውል፣ ለዚያ ቀበሌ በዚያ ዓመት የተመደበው ኮታ (እንዲታደን የተፈቀደው የእንስሳ ብዛት)፣ አብሮ ወጥቶ አደኑን የሚመራው ፕሮፌሽናል አዳኝ የግል ፈቃድ፣ በመጨረሻም በደንበኛው ስም የሚወጣው የአደን ፈቃድ።

ችግሩ አዘውትሮ የሚመጣው ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ነው። የቀበሌ ውሉ ያለቀበት ወይም ኮታውን የጨረሰ ድርጅት ማስታወቂያውን አያወርድም። ቀብድ ይቀበልና ደንበኛውን የሌላ ድርጅት ቀበሌ ላይ «በትብብር» ያወጣዋል። ትብብሩ በጽሑፍ ከተደረገና የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ካወቀው ችግር ላይኖረው ይችላል። በቃል ብቻ ከሆነ ግን ደንበኛው የተኮሰው ያለ ኮታ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ቀብድ ከመላኩ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች በኢሜይል ይላኩ፤ መልሱም በጽሑፍ ይምጣ፦ የሚታደንበት ቀበሌ ስሙ ማን ነው? ውሉ መቼ ያበቃል? የዚህ ዓመት የኒያላ ኮታችሁ ስንት ነው፣ ስንቱስ ተሽጧል? መልሱን ይዘው በአካልም ሆነ በወኪል ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ያረጋግጡ። ቀበሌው ኦሮሚያ ውስጥ ከሆነ የክልሉ የደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝም ስለሚመለከተው እዚያም መጠየቅ ይገባል። «ኮታ ሚስጥር ነው» የሚል ድርጅት ካጋጠመ ሌላ መፈለግ ነው።

አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄም አለ። የደጋ አጋዘን በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ የሰፈረ፣ ቁጥሩም ከጥቂት ሺዎች የማያልፍ እንስሳ ነው። በእንዲህ ያለ ዝርያ ላይ ኮታ ትርጉም የሚኖረው በቆጠራ ላይ ከተመሠረተ ነው። ድርጅቱ በቀበሌው የመጨረሻው ቆጠራ መቼና በማን እንደተደረገ የማይናገር ከሆነ ወረቀቱ ሁሉ ቢሟላ እንኳ እዚያ ማደን የሚያስመሰግን አይደለም።

«ጥፋት ቢኖር የአስጎብኚው ነው፤ እኔ እንግዳ ነኝ»

በ2015 እ.ኤ.አ. ዚምባብዌ ውስጥ፣ ከሁዋንጌ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ፣ ሴሲል የተባለው አንበሳ ሲገደል አሜሪካዊው አዳኝ የተናገረው ይህንኑ ነበር፦ ሕጋዊነቱን ለአካባቢው ባለሙያዎች ትቼው ነበር አለ። የአገሪቱ ባለሥልጣናት ደግሞ አንበሳው የተገደለበት መሬት ባለቤት የአንበሳ ኮታ አልነበረውም አሉ። አዳኙ አልተከሰሰም፤ በአስጎብኚው ላይ የቀረበው ክስም በሚቀጥለው ዓመት ውድቅ ሆነ። ይህን ይዞ «አየህ፣ ማንም አይጠየቅም» የሚል አለ። አዳኙ ግን ሥራ ቦታውን ለሳምንታት መዝጋት ግድ ሆኖበታል።

የአሜሪካ ነዋሪ የሆነ አዳኝ ከዚህ የባሰ የሚያሰጋው ሌሲ አክት የሚባለው የ1900 እ.ኤ.አ. ሕግ ነው። በሌላ አገር ሕግ ተጥሶ የተገኘን የዱር እንስሳ ወደ አሜሪካ ማስገባት በዚህ ሕግ ወንጀል ነው። አውቆ ያስገባ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። ባያውቅም፣ ተገቢውን ጥንቃቄ ቢያደርግ ኖሮ ማወቅ ይችል ነበር ከተባለ፣ ቅጣቱ ያንሳል እንጂ ከተጠያቂነት አያመልጥም። ያስገባውን ለመውረስ ደግሞ ጥፋተኛነቱን ማረጋገጥ እንኳ አያስፈልግም፤ እንስሳው በሕገወጥ መንገድ መገኘቱ ይበቃል። ከድርጅቱ ጋር የተጻጻፉት ኢሜይል ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ጥንቃቄ ማድረግዎን የሚያሳይ ማስረጃ እሱ ነው።

«ኢትዮጵያ ከፈቀደች ትሮፊውን ወደ ቤቴ አስገባለሁ»

ለትሮፊ፣ ማለትም አዳኙ ለማስታወሻ ለሚወስደው ቆዳና ቀንድ፣ የመውጫ ፈቃድና የመግቢያ ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥሩ ምሳሌው ነብር ነው። ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. የተቀላቀለችው ሳይተስ የተባለው፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በዓመት የተወሰነ ቁጥር ያለው ነብር የመላክ ኮታ ሰጥቷታል። ድርጅቱ ይህን ጠቅሶ «ነብርም እንጨምርልህ» ቢል አልዋሸም። የአሜሪካ ሕግ ግን ከኬንያ ሰሜናዊ ድንበር በላይ ያለውን ነብር ለመጥፋት የተቃረበ ብሎ ስለመዘገበው፣ የአሜሪካ ነዋሪ ለዝርያው ጥበቃ እንደሚጠቅም ተረጋግጦ የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በስተቀር ቆዳውን ማስገባት አይችልም። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ነብሩን ገድሎ፣ ቆዳውን አዲስ አበባ መጋዘን ትቶ ይመለሳል።

በአውሮፓ ኅብረት የነብር ትሮፊ የሚገባው የመግቢያ ፈቃዱ ከጭነቱ በፊት ሲወጣ ነው፤ አንበሳ፣ ጉማሬና ዝሆንም ፈቃድ ይፈልጋሉ። አንዳንድ አገሮች ከዚያም አልፈዋል፤ የቤልጂየም ፓርላማ በ2024 እ.ኤ.አ. የበርካታ ዝርያዎችን ትሮፊ ማስገባት የሚከለክል ሕግ አጽድቋል። የደጋ አጋዘን ራሱ በሳይተስ ዝርዝር ውስጥ የለም። ይህ ማለት ግን ያለ ወረቀት ይወጣል ማለት አይደለም፤ የኢትዮጵያ የመውጫ ፈቃድ የግድ ነው። አሜሪካ ሲደርስም 3-177 በሚባለው ቅጽ ለዓሣና ዱር እንስሳት አገልግሎት ይታወቃል። የሚያመሰኳ እንስሳ ስለሆነም ያልተዘጋጀ ቆዳው ወደ ቤት አይሄድም፤ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ወዳጸደቀው የእንስሳት ቆዳ ማዘጋጃ በቀጥታ ይላካል።

ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቶ ቆዳው የሚበላሽበት ጊዜም አለ። የባሌ ደጋ እርጥብ ነው፤ ዘግይቶ ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ ፀጉሩ ይረግፋል። ጨው ደቃቅ መሆን አለበት፤ አሞሌ ፈልጦ መበተን አይሠራም። መጠኑ በግምት ለአንድ ኪሎ እርጥብ ቆዳ አንድ ኪሎ ጨው ነው፤ ጆሮው ተገልብጦ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ይታሻል። ካምፑ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ቆዳ ገፋፊ መኖሩን መጠየቅ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

«አደን የአባቶቻችን ወግ ነው፤ ተወላጅን ማን ይከለክላል?»

ግዳይ መጣል የሚያስሸልምበት ዘመን ነበር። አሁን አዋጅ ቁጥር 541/1999 አለ፤ ዜግነት አይመርጥም። ዋልያና ቀይ ቀበሮ በማንም፣ በምንም ክፍያ አይታደኑም። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድም የአደን ፈቃድ ወይም የመሣሪያ ማስገቢያ ፈቃድ አይደለም። ጠመንጃ ይዞ የሚመጣ ሰው ድርጅቱ አስቀድሞ ፈቃድ ያወጣለታል። በፈቃዱ ላይ ያለው የመሣሪያ ቁጥር፣ ካሊበርና የጥይት ብዛት ሻንጣው ውስጥ ካለው ጋር በአንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ ቦሌ ላይ መሣሪያው ይቀራል። አየር መንገዶች ለአንድ መንገደኛ ከአምስት ኪሎ በላይ ጥይት አይጭኑም፤ በመሸጋገሪያው አገርም የተለየ ፈቃድ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ።

«ከፓርክ የወጣ እንስሳ ይታደናል»

የሚታደነው በአደን ቀበሌ ድንበር ውስጥ፣ በኮታ ብቻ ነው። ከፓርክ መውጣቱ ብቻ እንስሳውን ለአደን ክፍት አያደርገውም፤ በፓርኩና በቀበሌው መካከል ያለው የገበሬ ማሳም የማንም የአደን ሜዳ አይደለም። የቀበሌውን ድንበር በጂፒኤስ ላይ ጭነው ይዘው ይውጡ፤ ከመተኮስዎ በፊት ይመልከቱት።

«የምከፍለው ለኅብረተሰቡ ነው»

በከፊል። ክፍያው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንደኛው ለመንግሥት የሚገባው የእንስሳው ክፍያ ነው፤ በ2000 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ለደጋ አጋዘን ከውጭ አዳኝ 15,000 ዶላር ተተምኖ ነበር። የሚከፋፈለውም ይኸኛው ነው፦ 85 በመቶው ለክልል፣ 15 በመቶው ለፌዴራል መንግሥት። ለክልል ማለት ግን ለመንደሩ ማለት አይደለም። ሁለተኛው የድርጅቱ የቀን ሒሳብ ነው፤ ሁለትና ሦስት ሳምንት በሚፈጅ አደን ከመጀመሪያው ሊበልጥ ይችላል። ከዚህኛው መንደሩ የሚያገኘው ድርጅቱ የፈቀደውን ያህል ነው።

ድርጅቶችን የሚለየውም ይኸው ነው። መንገድ መሪዎቹና የካምፕ ሠራተኞቹ ከየት ተቀጠሩ? ክፍያቸው በቀን ነው ወይስ በጉርሻ? ዓመቱን ሙሉ ደኑን የሚጠብቅ ሰው አለ ወይስ ድርጅቱ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው ብቅ የሚለው? ከአካባቢው የአስተዳደር ቀበሌ ሊቀመንበር ጋር በስልክ የሚያገናኝ ድርጅት ብዙውን ጊዜ የሚደብቀው ነገር የለውም።

«ሥጋው ለሰፈሩ ሰው ይሰጣል»

እንዲህ ሲባል መልካም ይመስላል፤ በተግባር ግን አስቀድሞ ካልታሰበበት ሥጋው ለጅብ ነው የሚተርፈው። አጋዘን የሚያመሰኳና ሰኮናው የተሰነጠቀ ስለሆነ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ አይነወርም። ጥያቄው ያለው አራረዱ ላይ ነው። የባሌና የአርሲ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ነፍሱ ሳትወጣ ቢስሚላህ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ አይበላለትም። ስለዚህ ለማረድ የሚችል ሙስሊም መንገድ መሪ ከአዳኙ ጋር ሆኖ ቶሎ መድረስ አለበት። አንገቱ ሲቆረጥ ግን ለግድግዳ የሚሰቀለው የአንገትና የደረት ቆዳ ይጎዳል፤ ስለዚህ አንዳንድ ድርጅት ለደንበኛው ሲል ቆሞ ያያል። ጎበዝ ቆዳ አዘጋጅ ስፌቱን ይሰውረዋል። የትኛው እንደሚቀድም አደን ከመጀመሩ በፊት ከፕሮፌሽናል አዳኙ ጋር ይነጋገሩ፤ በሬሳው ላይ ቆሞ መከራከር ለማንም አይበጅም።

«ቆስሎ ያመለጠ አይቆጠርም»

በሳፋሪ ሥራ ደም የታየበት እንስሳ እንደተገደለ ይቆጠራል፤ ክፍያውም ሙሉ ነው። «ሌላ እንፈልግልሃለን» የሚል ድርጅት ከአንድ ኮታ ሁለት እንስሳ እየገደለ ነው። የደም ፍለጋው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚካሄድም ውሉ ውስጥ ይግባ።

«ዋስትና የሚሰጥ ድርጅት ይሻላል»

በአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ በነጻነት የሚኖርን እንስሳ ማንም ዋስትና ሊሰጥበት አይችልም። በአጥር ውስጥ ባደገ አንበሳ ላይ ግን ይቻላል፤ የደቡብ አፍሪካ የአጥር አደን ያደገው በዚህ ነው። ሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ አዳኞች ማኅበራት፣ ዳላስ ሳፋሪ ክለብና ሳፋሪ ክለብ ኢንተርናሽናል፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነቱን አደን በይፋ ተቃውመዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ «መቶ በመቶ» የሚል ድርጅት ቃሉን ለመጠበቅ የሚቀሩት መንገዶች ጥቂት ናቸው፦ ድንበር መሻገር፣ ከመኪና ላይ ማስተኮስ፣ በሌሊት መብራት ማብራት ወይም ቀንዱ ያልበሰለ ወጣት ወንድ ማስመታት።

ዋስትና የሚያስፈልገው ለገንዘቡ ነው። ኮታ ቢታገድ፣ በአካባቢው ጸጥታ ቢደፈርስ፣ የመሣሪያ ፈቃድ ቢዘገይ ቀብዱ ምን ይሆናል? ይመለሳል ወይስ ወደሚቀጥለው ዓመት ይዛወራል? በስንት ቀን ውስጥ? ይህ በውሉ በግልጽ ይጻፍ። ገንዘቡም የሚላከው የሥራ ፈቃዱ ላይ ባለው ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው፤ «ለጊዜው በወንድሜ ሒሳብ» ከተባለ አይላኩ።