የነፃ ማውጣት አገልግሎት፦ በልምምድና በቃሉ መካከል

የነፃ ማውጣት አገልግሎት በርኩስ መንፈስ ተይዟል ወይም ታስሯል ለተባለ ሰው በኢየሱስ ስም ጸልዮ ማስለቀቅ ነው። ካቶሊኮችና አንግሊካኖች በጳጳስ ፈቃድና በሥርዓት ይሠሩታል። በጴንጤቆስጤና በካሪዝማቲክ አብያተ ክርስቲያናት ግን ፓስተሩም፣ የጸሎት ቡድኑም፣ አንዳንዴ ተራው ምእመንም ያገለግላል። ሁሉንም የሚያጋጥማቸው ጥያቄ አንድ ነው። በጸሎት ክፍሉ የታየው ነገር በቅዱሳት መጻሕፍት ከተጻፈው ጋር ካልገጠመ የቱ ይመራል? አፍ ላይ መልሱ ቀላል ነው፤ ቃሉ ይመራል እንላለን። መናፍስት ሲጮሁ፣ ሰው ሲወድቅ፣ ቤተሰብ ሲያለቅስ ግን ነገሩ እንደ አፍ አይቀልም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መነሻው ወንጌላት ናቸው። የማርቆስ ወንጌል ገና በምዕራፍ 1 በቅፍርናሆም ምኩራብ ርኩስ መንፈስ ያደረበትን ሰው ያሳየናል። መንፈሱ ኢየሱስን «የእግዚአብሔር ቅዱሱ» ይለዋል። አባባሉ ትክክል ነው። ኢየሱስ ግን ምስክርነቱን አልተቀበለም፤ «ዝም በል፣ ከእርሱም ውጣ» አለው። በምዕራፍ 5 ስሙን ጠየቀው፤ ሌጌዎን ሲል መለሰ። ዛሬ ብዙ አገልጋዮች «ስምህ ማን ነው? መቼ ገባህ? በማን በኩል ገባህ?» እያሉ መንፈሱን የሚያስለፈልፉት ይህችን አንዲት ጥያቄ ይዘው ነው። ኢየሱስ አጋንንት ሲያወጣ ስም ሲጠይቅ ያየነው ግን እዚሁ ብቻ ነው። የዮሐንስ ወንጌል አንድም የማስወጣት ታሪክ የለውም። የጳውሎስ መልእክቶችም ስለ ውጊያና ስለ ጦር ዕቃ ይናገራሉ እንጂ አጋንንት እንዴት እንደሚወጣ መመሪያ አይሰጡም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚጠቅም ይመስለኛል። በፊልጵስዩስ የምዋርተኝነት መንፈስ ያደረባት አገልጋይ ልጅ ጳውሎስንና ጓደኞቹን ብዙ ቀን ተከተለቻቸው። «እነዚህ ሰዎች የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች ናቸው» እያለች ትጮህ ነበር። ማስታወቂያው ነፃ ነው፣ ሐሳቡም ልክ ነው። ጳውሎስ ግን ተቸገረና መንፈሱን አስወጣ። ሦስት ምዕራፍ አለፍ ብሎ የአስቄዋ ልጆች ታሪክ አለ። እነሱ የኢየሱስን ስም እንደ ቀመር ተጠቀሙበት፤ ራቁታቸውን ቆስለው ሸሹ።

የጾሙንም ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። «ይህ ወገን ያለ ጸሎትና ጾም አይወጣም» የሚለው በብዙ አገልግሎቶች እንደ ሕግ ይጠቀሳል። ቀደምቶቹ የማርቆስ 9፥29 ቅጂዎች «ጾም» የሚለውን አይዙም፤ የማቴዎስ 17፥21 ሙሉ ቁጥሩም በእነሱ ውስጥ የለም። ጾም ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የስንት ቀን ጾም ለየትኛው መንፈስ እንደሚሆን የሚያወጣ ሠንጠረዥ ግን ጥቅሱ አይሸከመውም።

በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎቱ የታወቀ ነበር። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ክርስቲያኖች በተሰቀለው ኢየሱስ ስም አጋንንት እንደሚያወጡ ለሮማውያን ጽፏል። በ251 ገደማ የሮሜው ጳጳስ ቆርኔሌዎስ በላከው ደብዳቤ አስወጪዎች፣ አንባቢዎችና በረኞች በአንድነት 52 ተብለው ተቆጥረዋል። ሥራው በደንብ የተደራጀ ነበር ማለት ነው። መካከለኛው ዘመን በጸሎትና በሥርዓት ብዛት አለፈ።

በ1614 የወጣው የሮማ ሥርዓተ መጽሐፍ (የካቶሊክ ካህናት የአገልግሎት መጽሐፍ) አስገራሚ ጥንቃቄ አለው። አገልጋዩ ሰው ተይዟል ብሎ በቀላሉ እንዳያምን፣ በሽታን ከመያዝ እንዲለይ ያዛል። ከመንፈሱ ጋር ወሬ እንዳያበዛ፣ በተለይ ስለ ወደፊቱና ስለ ስውር ነገር እንዳይጠይቅ ያስጠነቅቃል። ቁጥሩን፣ ስሙንና የገባበትን ጊዜና ምክንያት መጠየቅን ግን ፈቅዷል። ሉተር በጥምቀት ሥርዓቱ ማስወጣትን እንደያዘ ቆየ፤ አልጣለውም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በ1604 በሕግ ቁጥር 72 ያለ ጳጳስ ፈቃድ ማንም ካህን እንዳያስወጣ ከለከለች።

በወንጌላውያን ዘንድ በደንብ የተመዘገበው ታሪክ የዮሐን ክሪስቶፍ ብሉምሃርት ነው። የሉተራን ፓስተር ነበር፤ በ1838 በደቡብ ጀርመን ሞትሊንገን ወደምትባል መንደር መጣ። በዚያ ጎትሊቢን ዲቱስ የምትባል ወጣት ነበረች። በቤቷ ሌሊት ሌሊት ማንኳኳት ይሰማል፤ እሷም ራሷን ትስታለች፣ ትንዘፈዘፋለች። ብሉምሃርት ሮጦ አልገባበትም። ከመንደሩ ሹማምንት ጋር ሄዶ ቤቱን ፈተሸ፣ ሐኪምም ያያት ነበር፣ ወሬው እንዳይዛመትም ጣረ። በ1842 ክረምት አንድ ቀን እየተንዘፈዘፈች ሳለ እጆቿን አጣምሮ ይዞ «ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ እርዳኝ በይ» አላት። ዲያብሎስ የሚያደርገውን በቂ ጊዜ አየን፣ አሁን ኢየሱስ የሚያደርገውን እንይ ነበር ነገሩ። እሷም አለች፤ መንዘፍዘፉ ቆመ።

ትግሉ ግን እስከ ታኅሣሥ 1843 መጨረሻ ቀጠለ። በመጨረሻው ሌሊት «ኢየሱስ አሸናፊ ነው!» የሚል ጩኸት በእህቷ አፍ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጎትሊቢን ዳነች፤ ከብሉምሃርት ቤተሰብ ጋር ኖራ ለብዙ ዓመታት አገለገለች። መንደሩም በንስሐ ተነቃነቀ፤ ሰው በየተራ ኃጢአቱን ሊናዘዝ ወደ ፓስተሩ ቤት ጎረፈ። የአባቶቻችን ታሪክ እንዲህ ያሉ ሌሊቶች አሉት፤ ለመሸማቀቅ ምክንያት አላይም።

ብሉምሃርት በ1844 ለበላይ አካሉ የጻፈው ሪፖርት ግን ለኛም ይጎረብጣል። ከሴትየዋ ሰውነት ስለወጡ መርፌዎችና ምስማሮች ይተርካል። ከተናገሩት መናፍስት አንዳንዶቹም የሞቱ ሰዎች ነን ብለው እንደነበር ጽፏል፤ እሱም ይህን በቁም ነገር ወሰደው። ይህ ከሉተራን ትምህርት ጋር አይገጥምም። የኋላ ዘመን ሐኪሞች የነርቭ በሽታ ነው ብለው ተርጉመውታል። የ20ኛው ክፍለ ዘመን የሥነ መለኮት ምሁር ካርል ባርት ግን «ኢየሱስ አሸናፊ ነው» የሚለውን ቃል ወስዶ «የቤተ ክርስቲያን ዶግማቲክ» በተባለው ሥራው ውስጥ ርእስ አደረገው። ልብ ይባል፤ ሥነ መለኮቱ ውስጥ ርእስ የሆነው ስለ ሙታን የተነገረው ወሬ አይደለም። ማስለፍለፉ መንደር ውስጥ ቀረ፣ ከቃሉ ጋር የገጠመው ጩኸት ተረፈ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካዊው ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮናዊ ጆን ኔቪየስ በቻይና ሻንዶንግ ተመሳሳይ ነገር ገጠመው። መጠይቅ አዘጋጅቶ ለሌሎች ሚስዮናውያን በተነ፤ ሥራው ከሞተ በኋላ ታተመ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ትልቁ ክርክር አንድ ነው፦ የዳነ ክርስቲያን አጋንንት ሊኖርበት ይችላል? የዳላስ ሥነ መለኮት ሴሚናሪ መምህር የነበረው ሜሪል ኡንገር በ1952 ባሳተመው መጽሐፍ አይችልም ብሎ ነበር። ከዚያ ከተለያየ አገር ሚስዮናውያን ያዩትን ጻፉለት። በ1970ዎቹ ሐሳቡን ለወጠ፤ ቅዱሳት መጻሕፍት ጥያቄውን በግልጽ አልዘጉትም ብሎ። የአሴምብሊስ ኦፍ ጎድ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ1972 ባወጣችው ይፋዊ አቋም አይቻልም አለች። ሁለቱም ወገን ጥቅስ አላቸው፣ አንደኛው ወገን ተጨማሪ ምስክርነት አለው። የኡንገር መንገድ ታማኝ ነው ባይ ነኝ፤ ልምምዱ ጥያቄውን ደግሞ እንዲያነብ አደረገው እንጂ በጥቅስ ፈንታ አልቆመም። የዘር እርግማን ትምህርት (የአባቶች ኃጢአት እርግማን ሆኖ ወደ ልጆች ይወርዳል የሚለው) ግን እዚህ ደረጃ አይደርስም። ከዘፀአት 20 ይነሳና ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም የሚለውን ሕዝቅኤል 18ን ዘልሎ ያልፋል።

የጽሑፍ ሕጎቹ ባብዛኛው የመጡት ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። በ1974 በሰሜን እንግሊዝ አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲጸለይለት አድሮ ጠዋት ሚስቱን ገደለ። ፍርድ ቤትም በአእምሮ ሕመም ምክንያት ተጠያቂ አላደረገውም። በዓመቱ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ዶናልድ ኮጋን መመሪያ አወጡ፦ ከሕክምና ጋር ተባብሮ፣ በጸሎትና በቅዱስ ቁርባን አውድ፣ ያለ ሆይ ሆይታ፣ ልምድና ፈቃድ ባለው ሰው፣ ክትትልም ተጨምሮበት እንዲሆን። በ1976 በጀርመን አኔሊዘ ሚሼል ከ67 የማስወጣት ጸሎቶች በኋላ በምግብ እጦት ሞተች። ወላጆቿና ሁለቱ ካህናት በ1978 ተፈረደባቸው። ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1999 የታደሰውን ሥርዓት ስታወጣ የሐኪም ምክርን አጥብቃለች።

ጥሩ የሚባል የነፃ ማውጣት ቡድን ዛሬ ምን ይመስላል? ብቻውን የሚገባ አገልጋይ የለም። ተጸላዩዋ ሴት ከሆነች ሴት አብራ ትገባለች። መጀመሪያ ቁጭ ተብሎ ይወራል፤ እንቅልፍ፣ መድኃኒት፣ ሐዘን፣ የተፈጸመባት በደል ይጠየቃል። መድኃኒት አቁሚ የሚላት የለም። ጸሎቱ ሲጀመር አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ። መንፈስ ነኝ የሚል ድምፅ «እናቷ ናት የሰጠችኝ» ቢል ማስታወሻ ላይ አይጻፍም፣ ለእናትየዋም አይነገርም። ከሐሰተኛ የተገኘ ምስክርነት ነውና። ስንት ቤተሰብ በእንዲህ ያለ ወሬ ተበትኗል! ራእይ አየሁ ያለ አገልጋይም «ይህን ይመስለኛል» ብሎ ያቀርባል፣ ሌሎች ይመዝኑታል፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥29 የሚያዘው ይህንኑ ነው። ካሜራ የለም።

ከማውጣቱ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በሉቃስ 11 የወጣው ርኩስ መንፈስ ተመልሶ ቤቱን ተጠርጎና አጊጦ ቢያገኘው ሌሎች ሰባት ይዞ ይገባል። ስለዚህ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ነፃ የወጣውን ሰው ለወራት በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ያስከትሉታል፤ ምስክርነቱንም ያ ጊዜ ሳያልፍ መድረክ ላይ አያወጡትም።