የእንቁላል ካርቶኑና ሌሎች ስለ ዘፈን ሥራ የምንሰማቸው ስህተቶች

የምሠራው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ መኝታ ቤት በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አቀናብራለሁ፣ ድምፅ እቀዳለሁ። ሰሞኑን አንድ ድምፃዊ ወዳጄ አዲስ ዘፈን ይዞልኝ መጥቶ ሦስተኛ ሳምንታችንን ይዘናል። በዚህ መሀል በሩን ያንኳኳ ሁሉ ስለ ሥራችን የሚያስተምረን አላጣም፤ አብዛኛው ግን ስህተት ነው።

«መጀመሪያ ግጥሙ ይጻፋል፣ ከዚያ ዜማ ይወጣለታል»

እንዲያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን የሚቀድመው ዜማው ነው። ወዳጄ ይዞ የመጣው ስልኩ ላይ የቀዳውን የ40 ሴኮንድ ማንጎራጎር ነበር፤ ቃል የለውም፣ «ና ና ኔ» ብቻ። ክራሬን አንስቼ ስከተለው ቅኝቱ ትዝታ ማይነር መሰለኝ። ሁለቴ ሦስቴ ስሰማው ግን አምባሰል ሆኖ አገኘሁት። ይህ መምታታት የጀማሪ ብቻ አይደለም፤ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ የሚሉት አምስት ድምፆች ለሁለቱም ያገለግላሉ። ዜማው ላ ላይ ካረፈ ትዝታ ማይነር ነው፣ ሚ ላይ ካረፈ አምባሰል። ማረፊያው ሳይታወቅ ባስ ጊታር ከገባ ዘፈኑ ከነነፍሱ ሌላ ይሆናል።

ግጥሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገጣሚው ቀለሙን ቆጥሮ፣ ስድስት ስድስት እያደረገ በወል ቤት ጻፈው፤ በወረቀት ላይ እንከን የለውም። ችግሩ ሲዘፈን መጣ። አዝማቹ «ፍቅር አለ» ብሎ ያልቃል። ዜማው ደግሞ «አ» ላይ ረጅም ይንጠለጠልና «ለ» ላይ ቶሎ ይወርዳል። አማርኛ በማጥበቅና በማላላት ትርጉም የሚለውጥ ቋንቋ ነው፦ «ለ» ሲጠብቅ ፍቅር መኖሩን ይናገራል፣ ሲላላ ፍቅር አንድ ነገር ተናገረ ማለት ነው። እኛ ሳምንት ሙሉ ስንሰማው አልታወቀንም። ያወቁት ከላይ ፎቅ ያሉት እትዬ ናቸው። ቡና ይዘውልን ወርደው ትንሽ ካዳመጡ በኋላ፣ «ፍቅር ምን አለ ደግሞ?» አሉን።

በሳቅ ሞትን። ከዚያ ቁጭ ብለን «አ»ን አሳጠርናት፤ የተረፈውን ርዝመት «ል» ላይ ተጭኖ እንዲያልፍ አደረግን። ግጥሙ አልተነካም። የተለወጠው ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ዜማ ነው፤ ሁለት ቀን ግን ፈጅቶብናል።

«ግድግዳውን የእንቁላል ካርቶን ከለጠፍክበት ድምፅ አይገባም»

ይህን ያልነገረኝ ሰው የለም፤ አንዱማ ካርቶኑን ተሸክሞ መጥቷል። ድምፅ የሚያግደው ከባድና ክፍተት የሌለው ግንብ ነው። ካርቶን ቀላል ወረቀት ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን አያስቆምም። የክፍሉን ቀጭን ድምፅ ትንሽ ያለዝብ ይሆናል፣ ያም ቢሆን ለእሳት አደጋ ይዳርጋል። ድምፅ እንዳይገባ ማገድ አንድ ሥራ ነው፣ ውስጥ ያለው ድምፅ ከግድግዳ እየነጠረ እንዳይመለስ መዋጥ ሌላ ሥራ። ለሁለተኛው ልብስ የሞላ ቁም ሣጥን፣ የቆመ ፍራሽና ወፍራም ብርድ ልብስ ከካርቶን እጅግ ይሻላሉ። ወዳጄ የዘፈነው ከጀርባው ብርድ ልብስ ተሰቅሎ፣ ከማይኩ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ነው።

ለመጀመሪያው ሥራ ግን ብልሃት የለኝም። እትዬ ቡና ሲወቅጡ የሙቀጫው ምት በአየር ሳይሆን በኮንክሪቱ ውስጥ ነው የሚወርደው፤ በወለሉ በኩል የማይኩን እግር ያገኘዋል። ስለዚህ ተስማማን። ጠዋት በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ዛሬ ትቀዳለህ? ልውቀጥ ወይስ ልቆይ?» ይሉኛል። ውሻው፣ የንጋቱ ቅዳሴ፣ የጎረቤት ሠርግ ግን ስምምነት አያውቁም። መብራት ሲሄድማ ሁላችንም እናርፋለን።

«ዘንድሮ የሚዘፍነው ማሽኑ ነው»

አውቶቱን የተባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣ ወዲህ የሚባል ነገር ነው። ፕሮግራሙ የሚያደርገው የድምፅን ከፍታና ዝቅታ ወደ ቅርቡ ኖታ መጎተት ነው። ትንፋሽ አይሰጥም፣ ቃል አያጠራም፣ የሌለ ስሜት አያመጣም። በእኛ ዜማ ላይ ደግሞ ጠንቅ አለው። የቅኝቱን አምስት ድምፆች ካልነገርከው በ12ቱ የፒያኖ ድምፆች መሀል ይዋልልና አምባሰል ውስጥ የሌለ ኖታ ላይ ይጥልሃል። የእርማቱን ፍጥነት ካበዛህበት ደግሞ የጉሮሮውን እርግብግቢት እንደ ደረጃ ይቆራርጠዋል። ያንን እርግብግቢት ካጣን ምን ቀረን? እኔ የምነካው የሸሸች አንዲት ኖታ ካለች ብቻ ነው።

«የድሮ ዘፋኝ አንዴ ገብቶ ይወጣ ነበር»

እውነት አለበት፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬኮርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ በጀመረበት ዘመን ባንዱ በሙሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ ይጫወት ነበር፤ አንዱ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይደግማል። ዘፈኑንም በየምሽቱ መድረክ ላይ ሲጫወቱት ከርመው ነው የሚገቡት። ድግግሞሹ ከስቱዲዮ በፊት አልቋል ማለት ነው። የእኛ ዘፈን ገና መድረክ አላየም። አዝማቹን 14 ጊዜ ቀዳነው፤ የምንጠቀመው ከአራተኛው መግቢያውን፣ ከአስራ አንደኛው ቀሪውን ነው።

«ጮክ ያለ ማስተር ይሻላል»

አይሻልም። ማስተር የምንለው ለአድማጭ የሚወጣውን የዘፈኑን የመጨረሻ ቅጂ ነው። ዩቲዩብ ከልኩ በላይ የጮኸውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል፤ ልኩ ‑14 ሉፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ጨምቀህ ያስጮህከው ዘፈን ዝቅ ሲል ጠፍጣፋነቱ ብቻ ይቀራል። የእኔ ፈተና ወደ መገናኛ የሚሄድ ሚኒባስ ነው፦ ሾፌሩን አስፈቅጄ አጫውታለሁ። ሞተሩ እያጓራ ቃሉ ከተሰማ ሚክሱ፣ ማለትም የድምፆቹ ውህደት፣ ደህና ነው።

«ካልተመዘገበ መብት የለህም»

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት የሚመጣው ሥራው ተፈጥሮ ሲቀረጽ ወይም ሲጻፍ ነው፤ ምዝገባ ግዴታ አይደለም። ጥበቃው የደራሲውን ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመትን ይሸፍናል። ምዝገባ የሚጠቅመው ክርክር ሲነሳ ለማስረጃ ነው። እኛም ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር የማን እንደሆነ ቀን ጽፈን ተፈራረምን። ወዳጄ የ«አለ»ን ስህተት ያገኙት እሳቸው ናቸውና የእትዬ ስም ይግባ ብሎ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። እሳቸው ሳያነቡት መለሱለት፦ «የቡናዬን ሰዓት ብቻ መልሱልኝ።»