ዝም የማለት መብት ምንድን ነው?

«ፖሊስ ካስቆመህ መስኮትህን ዝጋ፣ ዝም በል፣ መብትህ ነው!» አንዱ አዋቂ ነኝ ባይ እንዲህ ሲመክር ሰማሁ። አንዴ ብቻ ቢሆን ባልፈው ነበር። ግን ተደጋገመ። እኔ ደግሞ ጠበቃ ነኝ፤ ምክሩን የሰማ ሰው በማግስቱ ክስ ይዞ የሚመጣው ወደ እኛ ነው።

ፖሊስ ሲያስቆም መቆም እንዳለባችሁ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ዝም የማለት መብት የሚጠብቃችሁ በራሳችሁ ላይ እንድትመሰክሩ ከመገደድ ነው። ከቁጥጥር አያስመልጥም።

ፖሊሱ የሚለውን ለሁለት ክፈሉት። «መንጃ ፈቃድና ሊብሬ» ሲል የጠየቀው ሰነድ ነው። ሰነዱ እናንተ ተናገራችሁም አልተናገራችሁም አለ። መንጃ ፈቃድ ሲሰጣችሁም ስትጠየቁ ልታሳዩ ነው። «በስንት ስትነዳ እንደነበር ታውቃለህ?» ሲል ግን መልሱ የሚወጣው ከእናንተ አፍ ነው። መብቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። «አዎ፣ ትንሽ ቸኩዬ ነበር» ያለ ሹፌር ለከሳሹ ግማሹን ሥራ ጨረሰለት።

ያ ሰውዬ ግን «መንጃ ፈቃድ መስጠትም በራስ ላይ መመስከር ነው» ይላል። እንዲህማ ከሆነ ታርጋውንም እንንቀለው! የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1966 የደም ናሙና እንኳ የምስክርነት ቃል እንዳልሆነ ወስኗል። በብሪታንያ በ1988ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ መሠረት የመኪና ባለቤት ማን ሲነዳ እንደነበር እንዲናገር ይጠየቃል። ሁለት ሰዎች ይህ ዝም የማለት መብታችንን ይጥሳል ብለው እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2007 ተረቱ። መኪና ይዞ የሚነዳ ሰው አብረው የሚመጡትን ግዴታዎችም ተቀብሏል ነው የተባሉት።

መብቱን እንደ መኪና ቀበቶ አስቡት። ቀበቶ አስሬአለሁ ብሎ ፍሬን አልይዝም የሚል ሹፌር የለም። ደግሞ ቀበቶ ዝም ብሎ አንቆ አይዝም፤ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ይለቃል፣ መኪናው ሲናጥ ነው ቀጥ የሚለው። ይኼም መብት ጠንክሮ የሚይዘው ጥያቄው ወደ ጥፋታችሁ ሲዞር ነው። «መንጃ ፈቃዴ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ላውጣው?» ማለት ምንም አይነካበትም። እንዲያውም እጃችሁን መሪው ላይ አድርጋችሁ ይህን ብትሉ ጥሩ ነው፤ ፖሊሱ እጃችሁ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ፊልም ያበላሸው ሌላም አለ። «መብቴን አላነበበልኝም፣ ክሱ ውድቅ ነው!» የሚራንዳ ማስጠንቀቂያ፣ ማለትም የአሜሪካ ፖሊስ «ዝም የማለት መብት አለህ» እያለ የሚያነበው፣ የመጣው በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1966 ውሳኔ ሲሆን፣ በቁጥጥር ሥር ሆኖ ለሚመረመር ሰው ነው። በ1984 ያው ፍርድ ቤት ተራ የትራፊክ ማስቆም በቁጥጥር ሥር መዋል አይደለም ብሏል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19ም የሚናገረው ስለ ተያዙ ሰዎች ነው። መንገድ ዳር የቆመ ሹፌር «ተይዟል» ወይ? ይኼ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ጠበቆች ስንገናኝ እንጨቃጨቅበታለን።

ከአገር አገር ይለያያል፣ ይህንንም ልብ በሉ። በአሜሪካ ለምሳሌ መብቱን መጠቀማችሁን በግልጽ መናገር አለባችሁ፤ ዝም ብሎ ማፍጠጥ አይበቃም፣ ጭራሽ ሊጠቀስባችሁ ይችላል። ስለዚህ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል፦ «ይህን ጥያቄ ባልመልስ እመርጣለሁ።» ድምፅ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም።

መዋሸት ግን ከዚህ መብት ውስጥ የለም። የወንድሙን ስም እንደ ራሱ ስም የሰጠ ሹፌር ለቀላል ቅጣት ቆሞ በብዙ አገር ራሱን የቻለ ወንጀል ይጨምርበታል።