የወሎ ኦፓልን መሞረድና መወልወል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሥራዬ ወሎ ውስጥ ከደላንታ ገደሎች የሚወጣውን ኦፓል የተባለ የከበረ ድንጋይ ሞርዶ ካቦሾን ማድረግ ነው፤ ጀርባው ጠፍጣፋ፣ ፊቱ እንደ ጉልላት ሞላ ያለ፣ ለቀለበትና ለአንገት ሐብል የሚሆን ቅርጽ። ስለዚህ ድንጋይ ከሱቅ ሱቅ ሲነገሩ የምሰማቸው አንዳንድ ነገሮች ጥሩ ጥሩ ድንጋዮችን ሲያስበሉ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ለስላሳ ድንጋይ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው።»
መሞረዱስ ይፈጥናል። ፈተናው መወልወሉ ላይ ነው። በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5 ሲሆን ኳርትዝ 7 ነው። ተራ አቧራ ውስጥ ደግሞ የኳርትዝ ብናኝ አይጠፋም። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ያረፈ አቧራ እንኳ ኦፓልን ይጭራል፤ ከቀደመው ደረጃ በጨርቅ ተይዛ የመጣች አንዲት ቅንጣት የግማሽ ቀን ልፋት ታበላሻለች። እኔ ለእያንዳንዱ ደረጃ የተለየ ጨርቅና የተለየ የውሃ ዕቃ አለኝ፤ በመካከሉም እጄንና ጥፍሬን እታጠባለሁ።

«ውሃ ነክቶት ቀለሙ ከጠፋ ድንጋዩ ሞቷል።»
ብዙ ድንጋይ ያስጠፋው ይህ ነው። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። በ1964 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንዳሳዩት፣ የኦፓል ቀለም በሥርዓት ከተደረደሩ እጅግ ደቃቅ የሲሊካ እንክብሎች ብርሃን ሲበተን የሚፈጠር ነው። በወሎው ድንጋይ ውስጥ ያሉትን ክፍተቶች ውሃ ሲሞላቸው ድንጋዩ እንደ መስታወት ይጠራል፤ ቀለሙም ይደበዝዛል ወይም ለጊዜው ይሰወራል።

አንድ ጊዜ አጠገቤ የሚሠራ ወጣት ባቄላ የምታክል ድንጋይ እየሞረደ ሳለ ብርቱካናማውና አረንጓዴው ከዓይኑ ተሰወረበት። «ቀለሙ ከሥር ይሆናል» ብሎ ሊቀጥል ሲል እጁን ያዝኩት። በለስላሳ ወረቀት ጠቅልለን ጥላ ቦታ አስቀመጥናት። በማግስቱ ዳር ዳሯ እንደ ወተት ነጣ፤ ቀጥሎ ሁለመናዋ ድፍርስ ሆነና ልጁ ተስፋ ቆረጠ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ወረቀቱን ስንገልጠው ብርቱካናማው ከመሐል ተነሥቶ፣ አረንጓዴው ጠርዙን ይዞ ቁጭ ብሏል። ያን ዕለት ሞርዶት ቢሆን ኖሮ ያንን ቀለም በጭቃ ውሃ ያፈሰው ነበር። ለማድረቅ ብሎ ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ግን ድንጋዩን መሰንጠቅ ነው።

ለገዢም ይህ ቁም ነገር አለው፦ ውሃ የጠጣ ኦፓል ክብደቱ ስለሚጨምር፣ በካራት ተመዝኖ የሚሸጥ ከሆነ መመዘን ያለበት ደርቆ ነው።

«የኢትዮጵያ ኦፓል ሁሉ ይሰነጠቃል።»
ይህን ስም ያተረፈው በ1980ዎቹ አጋማሽ (በእኛ አቆጣጠር) በሰሜን ሸዋ ከመዘዞ የወጣው ቡናማ ኦፓል ነው፤ ከእሱ ብዙው በእርግጥ ይሰነጠቅ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ፣ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ሌላ ድንጋይ ነው። ከእሱም የሚሰነጠቅ አይጠፋም፤ አብዛኛው ግን ይጸናል። በአንዱ ጥፋት ሌላውን መኮነን የደላንታን ቆፋሪ ዋጋ ያሳጣዋል፤ ያውም ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ዋሻ እየፈለፈለ ያወጣውን። እኔ አዲስ ጥሬ ድንጋይ ሳገኝ ለጥቂት ሳምንታት በደረቅ ቦታ አቆየዋለሁ። የሚሰነጠቅ ከሆነ ሳልደክምበት ይሰነጠቅ።

«ዘይት ውስጥ ብታኖረው አይሰነጠቅም፤ ያበራልም።»
ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ዘይትም ይጠጣል። ውሃው ይደርቃል፤ ዘይቱ ግን ውስጥ ቀርቶ ቢጫ ያደርገዋል። ቀለም የተቀላቀለበት የአልማዝ መወልወያ ቅባትም እንዲሁ ያበላሸዋል።

«ጫን ባልከው ቁጥር ይበልጥ ያበራል።»
ጫን ባልከው ቁጥር ይሞቃል፤ ከሞቀ ይሰነጠቃል። ድንጋዩን ለመያዝ በትር ላይ በቀለጠ ሰም መለጠፍም ያው አደጋ ስላለው እኔ በሙጫ እለጥፋለሁ። ሻካራ ዲስክም አያስፈልገውም፤ ትንሽ ድንጋይ ከሆነ ከ600 ቁጥር ዲስክ እጀምራለሁ (ቁጥሩ በጨመረ መጠን መሞረጃው ይልማል)።

«የቀረውን ጭረት የመጨረሻው ዱቄት ያጠፋዋል።»
አያጠፋውም። በ600 ቁጥር የተተወ ጭረት 3000 ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ዙሪያው ስላማረ። እያንዳንዱ ደረጃ የቀደመውን ጭረት ሙሉ በሙሉ ጨርሶ ማለፍ አለበት። ይህን ለማየት ድንጋዩን መጥረግ ያስፈልጋል፤ እርጥብ ፊት ላይ ውሃው ጭረቱን ሞልቶ ይደብቀዋልና። ፊቱን ጠርጌ ወደ መስኮቱ አዞረዋለሁ። የመስኮቱ ፍሬም ነጸብራቅ ጉልላቱ ላይ ሳይሰበር፣ ጠርዙ ሳይሻክር ከተንሸራተተ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ፤ ከተሰበረ እመለሳለሁ። በመጨረሻ ሴሪየም ኦክሳይድ የተባለው የመወልወያ ዱቄት በእርጥብ ቆዳ ላይ፣ በቀስታ።

«ውሃ ማንጠባጠቡ ለድንጋዩ ብቻ ነው፤ ለአጭር ሥራ ደረቅ ቢሞረድ ምን አለ?»
ውሃው ለሳንባም ነው። ከኦፓሉ ጋር ተጣብቆ የሚመጣው ድንጋይ ኳርትዝ ሊኖረው ይችላል፤ የኳርትዝ ብናኝ ለዓመታት ሲተነፈስ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል። በአፍንጫ ላይ የታሰረ ሻሽ ይህን ብናኝ አያግደውም። ውሃው ከተቋረጠ ማሽኑን አጠፋለሁ፣ ወለሉን የምጠርገው በእርጥብ ጨርቅ ነው፣ የሥራ ልብሴንም ልጆቼ ወዳሉበት ቤት ይዤ አልገባም።